ጧሪን ማን ይጡረው?

የአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ምርቃቱ ጧሪን ከቀባሪ ያስቀድማል። እኛ ግን ለቀባሪነቱ በሚገባ ተደራጅተን ስለ ጧሪነቱ እምብዛም ያላሰብን ይመስለናል። ይህን ያሰኘን ሰሞኑን በፈረንሳይ ለጋሲዮን ያየነው ነገር ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ ባለው በዚሁ ሠፈር አንዲት የምናውቃቸው እናት ይኖራሉ። በወጣትነታቸው ከተራራው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው እያወረዱ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ዛሬ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነጠላቸውን ያጣፉና «ቤቴ ልሂድ፤ ልጆቼ ይጠብቁኛል» ብለው ይነሣሉ። ያሉት ግን በገዛ ቤታቸው ነው። በሩን ክፍት ካገኙም የሚያቀኑት ወደ ዳገቱ ነው። ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ የእንጦጦን መንገድ ግን አልረሱም።

ጎረቤት «ጃጁ» ይላል። ሐኪም የመርሳት በሽታ ይለዋል። ከዓይነቶቹ ዋነኛው ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለባልደረቦቹ የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ነው። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ትዝታ የሚመዘገብበትን የአንጎል ክፍል ስለ ሆነ የዛሬው ጠፍቶ የጥንቱ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመርሳት በሽታ እንደ ነበረባቸው ይገምታል፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ፈውስ ገና አልተገኘለትም። ሆኖም የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታንና የጆሮ ድካምን በጊዜ መከታተል አደጋውን ይቀንሳል። እንደ ድብርት፣ እንደ ቫይታሚን እጥረትና እንደ ታይሮይድ ዕጢ ሕመም ያሉ ሊታከሙ የሚችሉ ምክንያቶችም ስላሉ፣ «ዕድሜ ነው» ብሎ ከመተው ሐኪም ማማከር ይበጃል።

ይበልጥ ያሳሰበችን ግን አስታማሚዋ ልጃቸው ናት። ይህች እኅታችን የጉልት ንግዷን ትታ ከእናቷ ጋር ውላ ታድራለች። «ቤትሽ ይኸው ነው» ብሎ መከራከር ጠብ ብቻ እንደሚያመጣ በልምድ ተረድታለች። ስለዚህ «እሺ እማዬ፣ ቡና ጠጥተን እንሄዳለን» ትልና ከሰል ታያይዛለች። የቡናው ሽታ ቤቱን ሲሞላ እናትየዋ ነጠላቸውን ያወልቃሉ። ሌሊት ግን ደግሞ ይነሣሉ። «እማዬን እኔ እጠብቃለሁ፤ እኔን ማን ይጠብቀኝ?» አለችን። ወንድሟ መሥሪያ ቤት አለው፤ በየወሩ ገንዘብ ይልካል። ገንዘቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ ሌሊት አይነቃም። ይህን ስትነግረን ብዙዎቻችን የዚያ ወንድም ቢጤ መሆናችንን አስበን አፈርን።

ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ከመጦር የወጣ ነው። በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኞችም ባለመብት ሆነዋል። እንጨት ተሸክማ ላሳደገች እናት ግን ደመወዝ አልነበራትምና ጡረታ የላትም። በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተው መቄዶንያ ጧሪ ያጡትን እያነሣ ይጦራል። አንዲት የደከመች ጧሪ ላለቻቸውስ ማን አለ?

መልሱ ከደጃችን የራቀ አይመስለንም። እድራችን ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ የተሟላ ነው፤ ሰው ሲሞት በሰዓቱ ይደርሳል። ለለቅሶ ሦስት ቀን የሚቀመጥ ጎረቤት በሳምንት ሦስት ሰዓት ከሕያው ሕመምተኛ ጋር ተራ ገብቶ ቢቀመጥ አስታማሚዋ ትተኛለች፤ ገበያ ትወጣለች፤ ትታከማለች። ይህ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ የእድሩን መተዳደሪያ ጥቂት ማስፋት ብቻ ይበቃል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት አባልም ሐሳቡን በስብሰባ ላይ ለማቅረብ ከማንም አያንስም።

ባለፈው እሑድ እኅታችን ቤተ ክርስቲያን ስማ እስክትመለስ እኛ ተቀመጥን። እናትየዋ ስማችንን አራት ጊዜ ጠየቁን፤ አራት ጊዜ ነገርናቸው። አምስተኛውን ሲጠይቁን ልጃቸው ደረሰች። ፊቷ በርቶ ነበር።