ሻሺ ካፑር ውርሱን ምን አደረገበት?

የህንድ ሲኒማ ታሪክ ተነሥቶ የካፑሮች ስም ሳይጠራ አይቀርም። አባትየው ፕሪትቪራጅ ካፑር የህንድ የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ፊልም በሆነው፣ በ1931 በወጣው «አላም አራ» ላይ ተውኗል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስቱ ወንዶች ልጆቹ ራጅ፣ ሻሚና ሻሺ በየተራ ኮከብ ሆኑ፤ የልጅ ልጆቹ ተከተሉ፤ ዛሬ ደግሞ ራንቢርንና ካሪናን የመሳሰሉት አራተኛው ትውልድ ቦታውን ይዘውታል። በእንዲህ ያለ ቤት የተወለደ ተዋናይ ሲመሰገን ከሰሚዎቹ አንዱ «የማን ልጅ ሆኖ!» ማለቱ አይቀርም። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ ግን ጥያቄውን ከመንገድ ያስቀረዋል። የታዋቂ ሰው ልጅ በሩ ተከፍቶለት እንደገባ ሁሉም ያውቃል። መጠየቅ ያለበት ከገባ በኋላ በሩን ምን እንዳደረገው ነው፦ ከኋላው ዘጋው ወይስ ለሌላውም ክፍት አድርጎ ተወው? በዚህ ሚዛን ከታየ፣ በዝና ከታላቅ ወንድሙ ከራጅ የሚያንሰው የመጨረሻው ልጅ ሻሺ ካፑር ከቤተሰቡ ሁሉ ልቆ ይገኛል።

የተሰጠውን ሳንሸሽግ እንጀምር። ሻሺ በ1938 በካልካታ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ በአባቱ የቴአትር ቡድን መድረክ ላይ መውጣት ጀመረ። ታላቅ ወንድሙ ራጅ በ1948 የመጀመሪያ ፊልሙን «አግ»ን፣ በ1951 ደግሞ ከህንድ አልፎ በሶቪየት ኅብረት ጭምር ስሙን ያስጠራውን «አዋራ»ን ሲያዘጋጅ፣ ራጅ የሚጫወተውን ገጸ ባሕርይ በልጅነቱ ሆኖ የተወነው ሻሺ ነበር። በ«አዋራ» ላይ የዳኛውን ሚና የያዘው አባትየው ነው፤ የአባትየው አባት ሳይቀሩ በአጭር ትዕይንት ይታያሉ። ሦስት ትውልድ በአንድ ፊልም ማለት ነው። ከካሜራ ፊት ለመቆም ሌላው ወጣት ዓመታት ደጅ ሲጠና፣ ለዚህ ልጅ ካሜራው የቤት ዕቃ ያህል ነበር። «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ይባላል፤ ሻሺ የምሳሌውን የፊተኛ ግማሽ በልጅነቱ ጠግቦታል።

ይሁን እንጂ ከአባቱ ያገኘው ስም ብቻ አልነበረም። ፕሪትቪራጅ በ1944 «ፕሪትቪ ቲያተርስ» የሚባል ተጓዥ የቴአትር ቡድን አቋቁሞ ነበር። ቡድኑ የራሱ አዳራሽ አልነበረውም፤ ተዋንያኑ፣ ሙዚቀኞቹና የመድረክ ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ተሸክመው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ከትኬት የሚገኘው ገቢ ወጪውን ስለማይሸፍን ፕሪትቪራጅ በፊልም የሚያገኘውን ገንዘብ እዚያ ያፈስ ነበር። የአባትየው ጤና ሲታወክ ቡድኑ በ1960 ተበተነ። እንግዲህ ሻሺ ያደገው ፊልም ገንዘብ በሚያመጣበት፣ ቴአትር ደግሞ ያንን ገንዘብ በሚበላበት፣ ይህም እንደ ኪሳራ በማይቆጠርበት ቤት ነው። በ1956 በካልካታ ከእንግሊዛዊቷ ተዋናይት ከጄኒፈር ኬንዳል ጋር ተዋወቀ። አባቷ ጄፍሪ ኬንዳል «ሼክስፒራና» የተባለ ቡድን ይዞ በህንድ ትምህርት ቤቶችና ከተሞች የሼክስፒርን ተውኔቶች ያሳይ ነበር። ሻሺም በአማቱ ቡድን ውስጥ ገብቶ ተውኗል፤ ሁለቱ ወጣቶች በ1958 ተጋቡ። ስለዚህ ወደ ፊልም ሲመጣ የሁለት ተጓዥ ቡድኖች ሥራ በእጁ ነበር። በነፃ የተገኘ ዕድል ቢሆንም፣ ሥራው ግን ላብ ያስወጣ ነበር።

በመሪ ተዋናይነት ብቅ ያለው በ1961 በያሽ ቾፕራ ዳይሬክተርነት በተሠራው «ዳርምፑትራ» ነው። ፊልሙ አገር አቀፍ ሽልማት ቢያገኝም በገበያ ወደቀ። ከዚያ የተከተሉትም በአብዛኛው አልተሳኩም። የቤተሰብ ስም እውነተኛ ጉልበት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያማርሩት የታዋቂ ልጅ የመጀመሪያውን ሚና በቀላሉ ማግኘቱን ነው። ትልቁ ጥቅም ግን የመጀመሪያው ሚና አይደለም፤ ሦስቴ ወድቆ አራተኛ መጠራቱ ነው። ስም የሌለው ወጣት አንዴ ከወደቀ የሚያስታውሰው የለም። እርግጥ ሻሺን የደገፈው ስሙ ብቻ አልነበረም፤ በወቅቱ ከእሱ ይልቅ የታወቀችው ተዋናይት ናንዳ ችሎታውን አምና ተደጋጋሚ ፊልሞች አብራው ለመሥራት ፈርማለች። በ1965 «ጃብ ጃብ ፑል ኪሌ» በተባለው ፊልም የካሽሚር ባለጀልባ ሆኖ ከእሷ ጋር ሲጫወት በመጨረሻ ሕዝብ ተቀበለው።

የሚገርመው፣ በራሱ ገበያ ገና ባልቆመበት በዚያ ወቅት ማንም ከማያውቃቸው ሁለት ሰዎች ጋር መሥራቱ ነው። ህንዳዊው ፕሮዲዩሰር ኢስማኢል መርቻንትና አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጄምስ አይቮሪ በ1963 የመጀመሪያ የጋራ ልብ ወለድ ፊልማቸውን «ዘ ሃውስሆልደር»ን ሲሠሩ መሪ ተዋናያቸው ሻሺ ነበር። በ1965 ደግሞ የኬንዳልን ቤተሰብ ኑሮ መነሻ አድርገው የሠሩት «ሼክስፒር ዋላ» ተከተለ፤ በዚህ ፊልም ማድሁር ጃፍሪ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አግኝታለች። ሁለቱ ሰዎች በኋላ በዓለም የታወቁ ሆኑ። ሻሺ የደረሰላቸው ግን ገና ጀማሪዎች ሳሉ፣ የሂንዲ ፊልም ገበያ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ፊልም ላይ ለሚደክም ተዋናይ የሚከፍለው ባልነበረበት ጊዜ ነው።

በ1970ዎቹ የምሳሌው ሁለተኛ ግማሽ ደረሰ፤ ሻሺ ጀምበሯ ሳትጠልቅ ሮጠ። ጠዋት በአንዱ ስቱዲዮ፣ ከሰዓት በሌላው፣ ማታ በሦስተኛው እየተዘዋወረ ስለሚቀርጽ፣ ወንድሙ ራጅ የተሳፈረበት ሁሉ እንደሚነዳው ታክሲ ቆጥሮ ያሾፍበት ነበር። ከዚህ ሩጫ መካከል ደካማና ተረስተው የቀሩ ፊልሞች እንዳሉ ማንም አይክድም። ሆኖም በ1975 የወጣው «ዲዋር» በዚሁ ጊዜ የተገኘ ነው። አሚታብ ባቻን ወንጀል ውስጥ የገባውን ታላቅ ወንድም፣ ሻሺ ደግሞ ፖሊስ የሆነውን ታናሽ ሲጫወቱ፣ በዕድሜ ግን ሻሺ በአራት ዓመት ይበልጥ ነበር። የፊልሙ ማዕበል የባቻን ሆነ፤ ሻሺ በእርጋታ ቆሞ ማዕበሉን የሚመልሰውን ሰው ተጫወተ። ለዚህም የፊልምፌር የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማት አገኘ። ስሙ ካፑር ሆኖ ሳለ ሁለተኛ ቦታ ላይ መቆም አላሳፈረውም።

ገንዘቡ ታዲያ የት ገባ? ክርክራችን የሚቆመው በዚህ መልስ ላይ ነው። ሻሺ የራሱን የፊልም ድርጅት አቋቁሞ በሌሎች ሰዎች ፊልሞች ያገኘውን ገንዘብ ገበያው የማይነካቸው ሥራዎች ላይ አዋለው። የመጀመሪያው የ1857ቱን የህንዶች አመፅ መነሻ አድርጎ ሺያም ቤኔጋል ያዘጋጀው «ጁኑን» ነው። ቀጥሎ እሱው ቤኔጋል የጥንታዊውን የህንድ ተረክ የማሃብሃራታን ታሪክ ወደ ዘመናዊ የፋብሪካ ባለቤቶች ጠብ አምጥቶ የሠራው «ካልዩግ» መጣ። በ1981 ደግሞ ተዋናይት ሆና የምትታወቀው አፓርና ሴን ለመጀመሪያ ጊዜ በዳይሬክተርነት የሠራችው «36 ቾውሪንጊ ሌን» ወጣ። ይህ ፊልም በካልካታ ብቻዋን ስለምትኖር አንዲት ያረጀች የእንግሊዝኛ መምህርት የሚተርክ ነው። ዘፈን የለው፣ ወጣት ፍቅረኞች በመሪነት የሉት፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ፤ የንግድ ፊልም ፕሮዲዩሰር ጽሑፉን አንብቦ የሚመልሰው ዓይነት ነው። አፓርና ሴን በዚህ ሥራዋ የአገሪቱን የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ወሰደች።

እነዚህን ፊልሞች ያየ ሰው ከካሜራው ፊትና ኋላ ማን እንደቆመ ልብ ይበል። ናሲሩዲን ሻህና ኦም ፑሪ የቴአትርና የፊልም ትምህርት ቤት ምሩቃን እንጂ የፊልም ቤተሰብ ልጆች አልነበሩም፤ መልካቸውም የሂንዲ ፊልም ገበያ ከሚፈልገው «ጀግና» ጋር አይገጥምም ነበር። ሁለቱም በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ቁም ነገር ያለው ሚና አገኙ። «ጁኑን»ንና «ካልዩግ»ን በካሜራ የቀረጸው ጎቪንድ ኒሃላኒ በ1982 «ቪጄታ»ን እንዲያዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጠው። በዚህም ላይ ሻሺና ጄኒፈር በ1978 በቦምቤይ ጁሁ ሰፈር ለሟቹ ፕሪትቪራጅ መታሰቢያ የሚሆን «ፕሪትቪ ቲያትር»ን ከፈቱ። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ሁለት መቶ ያህል ሰው ብቻ ይይዛል፤ ተመልካቹ መድረኩን በሦስት ጎን ከቦ ስለሚቀመጥ የተዋናዩን ትንፋሽ እስከ መስማት ይደርሳል። የመክፈቻው ተውኔት ተዋንያን እነ ናሲሩዲን ሻህና ኦም ፑሪ ነበሩ። አባትየው ዕድሜውን ሙሉ ያላገኘውን ቋሚ መድረክ ልጁ ሠራ፤ መድረኩ ግን ለካፑሮች ብቻ አልተከለለም። ከዚያ ወዲህ ስም የሌላቸው ቡድኖች በሂንዲ፣ በእንግሊዝኛና በሌሎች የህንድ ቋንቋዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቤት ሆኖ ኖሯል።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እሱ ራሱስ ለቤተሰቡ አላዳላም ወይ? በ«ጁኑን» ላይ ሚስቱና ልጆቹ ተውነዋል፤ የ«36 ቾውሪንጊ ሌን» መምህርት ጄኒፈር ናት፤ «ቪጄታ» የተሠራው የበኩር ልጁ ኩናል መሪ ተዋናይ ሆኖ እንዲወጣበት ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሻሺን ቅዱስ አድርጎ መሣልም ሐሰት ይሆናል። ግን ሁለት ነገር እናክል። አንደኛ፣ ጄኒፈር በመምህርቷ ሚና በብሪታንያ የፊልም አካዳሚ ሽልማት ለምርጥ ተዋናይት ታጭታለች፤ ሚናው የሚገባት እንደነበር ከባሏ ውጭ ያሉ ዳኞች መስክረዋል። በካፑሮች ዘንድ ደግሞ ያገቡ ሴቶች ትወና የሚተዉበት ልማድ ነበር፤ ተዋናይቶቹ ባቢታና ኒቱ ሲንግ የራጅን ልጆች ራንዲርንና ሪሺን ሲያገቡ ከፊልም ርቀዋል። በሻሺ ቤት ግን ሚስቲቱ ካገባችም በኋላ ሠርታለች፤ ልጃቸው ሳንጅናም ተውናለች፣ ቀጥሎም ቴአትር ቤቱን ለዓመታት መርታለች። ሁለተኛ፣ ወንዶቹ ልጆች ስሙም መልኩም እያላቸው በትወና አልዘለቁም፤ ኩናል ወደ ማስታወቂያ ሥራ፣ ካራን ወደ ፎቶግራፍ ሄዱ። የአባት ገንዘብ አንድ ፊልም ይገዛል፤ ተመልካች ግን አይገዛም።

ሌላው ተቃውሞ የሒሳብ ነው፦ ይህ ሁሉ ጥሩ ቢሆንም በኪሳራ አልቋል ይባላል። በጥንታዊ የሳንስክሪት ተውኔት ላይ ተመሥርቶ በጊሪሽ ካርናድ የተዘጋጀው «ኡትሳቭ» በ1984 ወጥቶ ከባድ ዕዳ ጣለበት። በዚያው ዓመት ጄኒፈር በካንሰር ሞተች፤ ከዚያ በኋላ ሻሺ የቀድሞው ሰው አልሆነም። በ1991 ከሶቪየቶች ጋር በጋራ ራሱ ያዘጋጀው «አጁባ»ም ወጪውን አልመለሰም። ነጋዴ ሆኖ ሲመዘን ሻሺ ወድቋል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያወጣው ገንዘብ ምን ትቶ እንዳለፈ ሲታይ ውጤቱ ይለወጣል። የቤኔጋል ሁለት ፊልሞች፣ አንዲት አዲስ ዳይሬክተር፣ ዛሬም በየሳምንቱ ተውኔት የሚታይበት መድረክ ቀርተዋል፤ በዚያው ዘመን ብዙ ትርፍ ያስገቡ ፊልሞች ግን ስማቸውን የሚያስታውስ የለም።

እሱ ራሱስ ጥሩ ተዋናይ ነበር? መልኩ ችሎታውን ሸፍኖበታል ብንል የምንሳሳት አይመስለኝም። ወጣትነቱ አልፎ ሰውነቱ ሲከብድ ነው ትወናው የጠራው። በ1986 «ኒው ዴልሂ ታይምስ» በተባለው ፊልም የፖለቲካ ሴራ የሚከታተል የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ተጫውቶ አገር አቀፉን የምርጥ ተዋናይ ሽልማት አገኘ። በ1993 በኢስማኢል መርቻንት «ሙሃፊዝ» ደግሞ ያረጀና ጤናው የከዳው የኡርዱ ገጣሚ ሆኖ ቀረበ። ኋላም ከአባቱና ከራጅ ቀጥሎ ከቤተሰቡ ሦስተኛ ሆኖ የህንድ ሲኒማ ከፍተኛውን ክብር፣ የዳዳሳሄብ ፋልኬን ሽልማት ተቀብሎ በዲሴምበር 2017 በ79 ዓመቱ አረፈ።

የፊልም ቤተሰቦች በየአገሩ አሉ፤ ልጆቻቸው ወላጆቻቸው በሚያውቁት ሥራ መግባታቸውም አይቀርም። አንጥረኛውም፣ ሸማኔውም፣ ነጋዴውም ለልጁ ሙያውን ያወርሳል። ልዩነቱ የተዋናይ ልጅ የሚወርሰው ሙያ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ፍቅርም መሆኑ ነው፤ ይህን ፍቅር ያከማቸው ደግሞ ትኬት የገዛው ተመልካች ነው። ስለዚህ ተመልካቹ የመጠየቅ መብት አለው። ጥያቄው ግን «ለምን ገባህ?» ከሚሆን «ባንተ ምክንያት ማን ገባ?» ቢሆን ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠይቀው ስለ ልደት ነው፣ ልደትን ደግሞ ማንም አይመርጥም፤ ሁለተኛው የሚጠይቀው ስለ ሥራ ነው። ሻሺ ካፑር ለሁለተኛው ጥያቄ በስም የሚጠሩ ሰዎችን ዝርዝር አቅርቦ መመለስ ይችል ነበር። ከእሱ በኋላ በዚያ ስም የመጡትም ሆኑ በሌላ አገር የታዋቂ ቤተሰብ ስም የያዙት፣ የራሳቸውን ዝርዝር እንዲያቀርቡ መጠየቅ ተገቢ ነው።