ቦግ እልም ማለት ያቆመ አምፖል፦ የአሮጌ ጊታር ፔዳል ኦሲሌተር ምርመራ

የጊታር ድምፅ ክብ እየሠራ የሚዞር፣ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ የሚል መስሎ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጂሚ ሄንድሪክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በዉድስቶክ መድረክ የተጠቀመበት ዩኒ-ቫይብ ይህን የሚፈጥር መሣሪያ ነው። በጃፓን የተሠራ፣ የፉሚዮ ሚየዳ ንድፍ ነው። ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ዩኒ-ቫይብ ጊታሩን ቢያሰማም ማዞሩን ቢያቆምስ? የት እንጀምር?

በሳጥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ አምፖልና በዙሪያዋ አራት ፎቶሴሎች አሉ። ፎቶሴል ብርሃን ሲበዛበት ሬዚስታንሱ ይቀንሳል። አምፖሏ ቦግ እልም ስትል ድምፁም አብሮ ይለዋወጣል። አምፖሏን የሚያዛት ኦሲሌተሩ ነው።

ኦሲሌተር እንዴት ይሠራል? ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲቀርብ እንዴት እንደሚጮህ ታውቁታላችሁ። ድምፁ ይመለሳል፣ ይጎላል፣ እንደገና ይመለሳል። ኦሲሌተርም እንዲሁ ነው፣ ግን በቀስታና ሆን ተብሎ። ትራንዚስተሩ ሲግናሉን ያጎላዋል፣ ይገለብጠዋልም። ከዚያ ሦስት የካፓሲተርና የሬዚስተር ጥንዶች፣ በመሠረታዊው ንድፍ እያንዳንዳቸው 60 ዲግሪ ያህል ያሸጋሽጉታል። በድምሩ 180 ዲግሪ ሲሆን የተገለበጠው ይቃናል ማለት ነው። ችግሩ፣ በመንገድ ላይ ሲግናሉ 29 ጊዜ ይደክማል። ስለዚህ ትራንዚስተሩ ቢያንስ 29 ጊዜ ማጉላት አለበት። ከዚያ ካነሰ? በቃ፣ መወዛወዙ ይሞታል።

ፍጥነቱንም እነዚሁ ጥንዶች ይወስናሉ። ካፓሲተሮቹ 1 ማይክሮፋራድ፣ ሬዚስተሮቹ 10 ኪሎ ኦም ቢሆኑ በሰከንድ 6.5 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ሬዚስታንሱ ሲጨምር ይዘገያል፤ የፍጥነት ማዞሪያው ሥራ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። መጀመሪያ ጥንቃቄ፦ አሮጌው መሣሪያ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ነው የሚሠራው፤ ይህ ቮልቴጅ ይገድላል። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ፤ ኤሌክትሪክ ገብቶበት የሚለካውን ደግሞ ለሙያተኛ ተዉት።

ከዚያ አምፖሏን ጠይቋት፦

• ቦግ እልም ትላለች? ኦሲሌተሩ ጤነኛ ነው። ችግሩ ፎቶሴሎቹ ወይም ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።
• ጭራሽ አትበራም? ተቃጥላ፣ ወይም የሚያበራት ትራንዚስተር ተበላሽቶ፣ ወይም ኃይል ሳይደርሳት ሊሆን ይችላል።
• በርታ ሳትለዋወጥ ቀረች? አሁን ኦሲሌተሩን እንጠረጥራለን።

በሦስተኛው ጊዜ የትራንዚስተሩ ኮሌክተር ላይ ቮልቴጅ ይለካል። ባለቀስት መልቲሜትር እዚህ ይመረጣል፤ ቀስቱ ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል እኮ! ከተወዛወዘ ኦሲሌተሩ ሕያው ነው፣ መልእክቱ አምፖሏ ጋ አልደረሰም። ቮልቴጁ ከምንጩ እኩል ሆኖ ከቆመ ትራንዚስተሩ ዘግቷል፤ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። መሃል ላይ ዝም ካለ ግን ምናልባት ትራንዚስተሩ ደህና ነው፤ ካፓሲተሮቹ ይጠርጠሩ። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር በዕድሜ ይደርቃል፤ አቅሙ ይቀንሳል፣ ወይም ኤሌክትሪክ ያሾልካል። ማዞሪያው በአንድ በኩል ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ውስጡ ቆሽሾ ወይም ተበልቶ ይሆናል።

አደራ፣ ሁሉንም ባንዴ አትቀይሩ! አንድ ቀይሩ፣ ሞክሩ። አለዚያ መሣሪያው ቢነሣ እንኳ ምን እንዳዳነው አታውቁም፤ ዳግመኛ የማይገኙ ጤነኛ ዕቃዎችም በከንቱ ይጣላሉ።