ጭማሪው ለማን? የምርታማነት መንገዶች ሲዳሰሱ

ጤፍን በብተና መዝራት ቀርቶ በመስመር እንዲዘራ በኢትዮጵያ ከ2011 ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ትልቅ ቅስቀሳ ተካሂዷል። በሄክታር 30 ኪሎ ገደማ ይበተን የነበረው ዘር ወደ 3 እና 5 ኪሎ ይወርዳል፤ ቡቃያው ስለማይሻማ አገዳው ይጠነክራል፣ በዝናብና በነፋስም ቶሎ አይተኛም። ውጤቱን በገበሬው ማሳ ላይ የለኩ ተመራማሪዎች ያገኙት ግን ሁለት መልክ አለው። ከመሬቱ የሚገኘው ምርት ጨምሯል። ሥራው የሚጠይቀው ጉልበት ግን ከምርቱ ጭማሪ ስለበለጠ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሥራ የሚያስገኘው እህል ቀንሷል። መሬቱ ሰጠ፤ የገበሬው ቤተሰብ ደግሞ ለእያንዳንዱ ኩንታል ከበፊቱ የበለጠ ላብ ከፈለ።

ስለ ምርታማነት የሚነሳ ወሬ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር መልካም ነው። የምን ምርታማነት ነው የምንለው? የመሬት፣ የጉልበት፣ የማሽን፣ ወይስ የሁሉም በአንድነት? ማሳው ለጠበበበትና ልጆቹ ብዙ ለሆኑበት የጎጃም ገበሬ የመሬቱ ምርት መጨመር ዋናው ነገር ሊሆን ይችላል። የሰው ጉልበት ውድ በሆነበት አገር ስሌቱ ይገለበጣል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጥያቄ ደግሞ ጭማሪው ለማን ይደርሳል የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ግን ጭማሪው ከየት ይመጣል? የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ከአዳም ስሚዝ ጀምሮ ይህን ሲያብላሉት ኖረዋል። ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ አሥር ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው በቀን 48,000 ስፒል እንደሚያመርቱ ጽፏል። ከስሚዝ በኋላ ጥያቄውን በቁጥር ከመረመሩት አንዱ ሮበርት ሶሎው ነው። በአሜሪካ ከ1909 እስከ 1949 አንድ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው በእጥፍ አድጎ ነበር። ሶሎው በ1957 ባወጣው ጥናት ሲያሰላው፣ ከዚህ ዕድገት ውስጥ ለአንድ ሠራተኛ የሚደርሰው ማሽንና ሌላው ካፒታል መጨመሩ የሚያስረዳው አንድ ስምንተኛውን ብቻ ሆነ። ቀሪው ሰባት ስምንተኛ የመጣው ከዕውቀት፣ ከዘዴና ከአሠራር መሻሻል ነው። ማሽን ከውጭ ማስገባትን የምርታማነት መጀመሪያና መጨረሻ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ውጤት ደጋግሞ ሊያስበው ይገባል።

የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ በ2013 ያሳተሙት የህንድ ጥናት ይህንኑ በፋብሪካ ደረጃ ያሳያል። በሙምባይ አካባቢ ያሉ የሽመና ፋብሪካዎች የክር መጋዘናቸው የተዝረከረከ፣ የቆመ ማሽን ለምን እንደቆመ የማይመዘገብባቸው፣ የተበላሸ ጨርቅ ከየት እንደመጣ የማይጠየቅባቸው ነበሩ። ከእነሱ በዕጣ ለተመረጡት ነፃ የአስተዳደር ምክር ተሰጣቸው። መዝግቡ፣ አጽዱ፣ ዕቃውን በቦታው አስቀምጡ፣ ብልሽቱን በየቀኑ ተነጋገሩበት የሚል ምክር ነው። በመጀመሪያው ዓመት ምርታማነታቸው በ17 በመቶ አደገ። ታዲያ ለምን ቀድመው አላደረጉትም? ብዙዎቹ ባለቤቶች አሠራሩን አያውቁትም ነበር፤ የሚያውቁትም እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የሚያመጣ አልመሰላቸውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በጥልቀት ልንመረምረው የሚገባው የጃፓን ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሪቱ ፍርስራሽ ነበረች። በ1950 አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤድዋርድስ ዴሚንግ የጃፓን መሐንዲሶችንና የኩባንያ መሪዎችን ስለ ጥራት ቁጥጥር አስተማረ። በዚያው ዓመት ቶዮታ ለኪሳራ ተቃርቦ ሠራተኞቹን ሲቀንስ ከባድ የሥራ ማቆም አድማ ተነሳ፤ መሥራቹ ኪኢቺሮ ቶዮዳም ከኃላፊነቱ ለቀቀ። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው የቶዮታ አሠራር ያደገው ከዚህ ቀውስ በኋላ ነው። የኩባንያው መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ብክነትን በሰባት ከፈለው፤ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ያለፋይዳ ማጓጓዝ፣ የማያስፈልግ ሥራ መሥራት፣ ክምችት፣ አላስፈላጊ እንቅስቃሴና ብልሽት። ማንኛውም ሠራተኛ ስህተት ሲያይ ገመድ ስቦ የምርት መስመሩን እንዲያስቆም ሥልጣን ተሰጠው።

ሥራዬን አጣለሁ ብሎ የሚፈራ ሠራተኛ ግን ያን ገመድ አይስበውም። ሥራን የሚያሳጥር ሐሳብ አምጥቶ በምላሹ ከሥራ የሚሰናበት ከሆነም ሁለተኛ ሐሳብ አያመጣም። ይህን በመረዳት በ1955 የተቋቋመው የጃፓን የምርታማነት ማዕከል ገና ከጅምሩ ሦስት መርሆች አወጣ። ምርታማነት የሥራ ዕድልን ማስፋት አለበት፤ በትርፍነት የሚታይ ሠራተኛ ቢኖር ከመባረር ይልቅ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወር። አሠሪና ሠራተኛ እየተመካከሩ ይሥሩ። ፍሬውም ለኩባንያው፣ ለሠራተኛውና ለሸማቹ በፍትሐዊ መንገድ ይከፋፈል። ያኔ ትልቁ የነበረው የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት ሶህዮ እንቅስቃሴውን በጥርጣሬ አይቶ ተቃውሞታል። ሌሎች ማኅበራት ግን በእነዚህ መርሆች ላይ ተስማምተው ገቡበት።

ሲንጋፖር በ1980ዎቹ ከጃፓን ባለሙያዎች ጋር ተመሳሳይ ንቅናቄ አካሂዳለች። በኋላም የኢትዮጵያ ተራ ደረሰ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የጃፓንን መንግሥት ድጋፍ ጠይቀው በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) አማካይነት በ30 ፋብሪካዎች ላይ ሙከራ ተደረገ፤ በ2011ም ካይዘን የተባለውን የጃፓን የማያቋርጥ የማሻሻል ዘዴ የሚያስፋፋው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ የዘዴው አምስቱ ማዎች፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በስኳር ፋብሪካ፣ በሆስፒታልና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ጠቀሜታቸው የሚካድ አይደለም። መፍቻ ፍለጋ የሚባክን ሰዓት መቀነሱ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከመደርደሪያ መውጣቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስለ አምስቱ ማዎች የሚነገረውን ያህል ስለ ሦስቱ መርሆች ሲነገር አይሰማም። ዘዴው መጥቷል፤ ስምምነቱ አልመጣም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በሠራተኛ ፍልሰት ይታያል። ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች በዕጣ ሥራ ያገኙ ወጣቶችን ተከታትለው ነበር። ሲሶው ያህል በመጀመሪያው ወር ሥራውን ለቀቀ፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ለቀው ሄደዋል። በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ችግሩ ይኸው ሆነ። በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል ሪፖርት የጀማሪ ሠራተኛን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ አድርጎ አስፍሮታል፤ ይህም ልብስ ለዓለም ገበያ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። አንዲት ወጣት ስፌት ተምራ እጇ እስኪፈታ ወራት ይወስድባታል። ልክ ስትለምደው የቤት ኪራይና ምግብ ከደመወዟ በላይ ሆኖባት ወደ ቀዬዋ ከተመለሰች፣ ፋብሪካው ያወጣው የሥልጠና ወጪ ሁሉ ከእሷ ጋር ይሄዳል። በዝቅተኛ ደመወዝ የተገኘው ቁጠባ በዚህ በኩል ይፈስሳል። ሠራተኛው ሰነፍ ነው የሚለውን የአሠሪዎች ስሞታ የማልቀበለው ለዚህ ነው።

በአገር ደረጃ ሲታይ ደግሞ ከፋብሪካው አጥር ውጭ ያለው ይከብዳል። የኤሌክትሪክ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ኤዲሰን የኒውዮርክን ማመንጫ የከፈተው በ1882 ነው፤ የምጣኔ ሀብት ታሪክ ተመራማሪው ፖል ዴቪድ እንዳሳየው ግን በአሜሪካ ፋብሪካዎች ምርታማነት ላይ ውጤቱ ጎልቶ የወጣው በ1920ዎቹ ነው። አንዱን ትልቅ የእንፋሎት ሞተር በአንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር መተካት ብዙም አልጠቀመም ነበር። ለየማሽኑ የራሱ ሞተር ተገጥሞ የፋብሪካው አቀማመጥ በሥራው ቅደም ተከተል ሲዘረጋ ነው ለውጡ የመጣው። በ2025 የተመረቀውና 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ፍሬው የሚለካው በማሠራጫ መስመሩ፣ በማይቆራረጥ ኃይል፣ ኃይሉንም ይዘው አሠራራቸውን በሚለውጡ ፋብሪካዎች ነው። የውጭ ምንዛሬ እጥረት፣ እስከ ጅቡቲ ወደብ ያለው የጭነት ወጪ፣ ከሠራተኛው ኃይል አብዛኛውን ይዞ የቆየው የግብርና ዝቅተኛ ምርት፣ እነዚህ ሁሉ ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ብቻውን የማይፈታቸው ናቸው።

በ2022 የተጀመረው የኢትዮጵያ ታምርት ንቅናቄ ፋብሪካዎች ከአቅማቸው በታች የሚያመርቱበትን ምክንያት ለመቅረፍ መነሳቱ ተገቢ ነው። ከአቅም ጎን ለጎን ግን የሠራተኛው ድርሻ በጽሑፍ ይስፈር። ባለፋብሪካዎች ሆይ፣ ምርት ሲጨምር ምን ያህሉ ወደ ደመወዝ እንደሚሄድ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተቀምጣችሁ ተስማሙ፣ የተስማማችሁበትንም ከአምስቱ ማዎች ጎን ለጥፉት። መንግሥትም በ2019 በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የተደነገገውን የደመወዝ ቦርድ በእውነት ሥራ ላይ ያውለው።