ቴአሁፖኦ፦ መንገዱ ባለቀበት የሚፈርስ ሞገድ

እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ የማራቶኑን ወርቅ ባጠለቀበት ሳምንት፣ የዚያው ኦሊምፒክ ሁለት ወርቆች ከፓሪስ 15,700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኝ አንድ የባሕር ሞገድ ላይ ተሸልመዋል። በኦሊምፒክ ታሪክ ከአዘጋጇ ከተማ ይህን ያህል ርቆ የሜዳሊያ ውድድር ተደርጎ አያውቅም። ስፖርቱ ሰርፊንግ ነው፤ ሞገዱ ደግሞ ቴአሁፖኦ ይባላል።

ሰርፊንግ በሰሌዳ ላይ ቆሞ ወደ ዳር የሚገሰግስ ሞገድን መጋለብ ነው። ብዙ ሰው የሚማረው አሸዋማ ዳርቻ ላይ፣ ሞገዱ ቀስ ብሎ በሚፈርስበትና የወደቀውን አሸዋ በሚቀበልበት ቦታ ነው። ቴአሁፖኦ ለዚህ አይሆንም። ሞገዱ የሚፈርሰው እንደ ምላጭ በሰላ የኮራል ድንጋይ ላይ፣ በጣም ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ስለዚህ ለዓመታት የለፉና ባሕርን ማንበብ የሚችሉ ሰርፈሮች ብቻ የሚደፍሩት ስፍራ ሆኗል። እነሱም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይደፍሩትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስፍራው

ታሂቲ በደቡብ ፓስፊክ የምትገኝ የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴት ናት። የተሠራችው ከሁለት እሳተ ገሞራዎች ሲሆን ትልቁ ክፍል ታሂቲ ኑኢ፣ ትንሹ ታሂቲ ኢቲ ይባላል፤ ሁለቱን ጠባብ መሬት ያገናኛቸዋል። ከዋና ከተማዋ ከፓፔቴ ተነስቶ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ የሚመጣው አስፋልት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በታሂቲ ኢቲ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ቴአሁፖኦ መንደር ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መሄድ የፈለገ በእግሩ ወይም በጀልባ ነው። ከመንደሯ ጀርባ በደን የተሸፈኑ ተራሮች ቀጥ ብለው ይነሳሉ፤ ዝናብ ስለማያጣቸው ከገደሎቻቸው ፏፏቴ ይወርዳል።

ሞገዱን ለማግኘት ከዳርቻው ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውጭ መቅዘፍ ወይም በጀልባ መሄድ ያስፈልጋል። በመንደሯና በሞገዱ መካከል ያለው ውሃ የተረጋጋ ነው፤ ጸጥ ያደረገው የኮራሉ ግንብ ነው። ውቅያኖሱ ከግንቡ ጋር የሚላተመው ከዚያ ማዶ፣ ሃቫኤ በሚባለው የባሕር መተላለፊያ አጠገብ ነው።

ሞገዱ እንዴት ይሠራል?

የሞገዱ ታሪክ የሚጀምረው ከታሂቲ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ፣ ማለትም በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ክረምት፣ በኒውዚላንድና በአንታርክቲካ መካከል ባለው ባሕር ላይ ብርቱ ወጀብ ይነሳል። ነፋሱ የውሃውን ገጽ ሲገርፍ የተፈጠሩት ሞገዶች ወጀቡን ጥለው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛሉ። ረጅም መንገድ የሚሄዱት በመካከላቸው ሰፊ ጊዜ ያለባቸው ናቸው። በሁለት ተከታታይ ሞገዶች መካከል 16 ሰከንድ ካለ፣ እያንዳንዱ ሞገድ በጥልቁ ውቅያኖስ ላይ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋል። ከወጀቡ እስከ ታሂቲ ድረስ ጉልበቱን የሚቀንስበት ሰፊ የብስ አያገኝም።

በሌሎች ብዙ ዳርቻዎች የባሕሩ ወለል ከሩቅ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ስለሚል፣ ሞገዱ ዳር ከመድረሱ በፊት አብዛኛውን ጉልበቱን ከወለሉ ጋር በመታገል ይጨርሳል። ቴአሁፖኦ ላይ ይህ የለም። ከኮራሉ ጠርዝ ወደ ውጭ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የባሕሩ ጥልቀት 300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ሞገዱ ሙሉ ጉልበቱን እንደያዘ ይመጣና በድንገት ግንቡን ያገኘዋል። የሚሆነውም በሩጫ ላይ ሳለ ደፍ ያደናቀፈው ሰው ላይ የሚሆነው ነው፤ እግሩ ይያዛል፣ አናቱ ግን ሩጫውን ስላላቆመ ወደ ፊት ይወረወራል። በሞገዱ አናትና በእግሩ መካከል ባዶ ቦታ ይከፈታል። ሰርፈሮች ቱቦ የሚሉት ይህን ነው፤ ቴአሁፖኦን ዓለም ያወቀውም በዚህ ቱቦ ነው።

ሞገዱ ሲነሳ ከፊቱ ያለውን ውሃ ከኮራሉ ላይ ጠርጎ ወደ ራሱ ይስባል። በዚህ የተነሳ የሞገዱ እግር ከአካባቢው የባሕር ወለል ዝቅ ብሎ ይታያል። ከጀልባ ላይ ሆኖ ከጀርባው የሚመለከት ሰው ብዙም ከፍታ አያይበትም፤ ከፊቱ ያለው ሰው ግን ከበላዩ የቆመ የውሃ ግድግዳ ያያል። ሰርፈሮች ይህን ሞገድ የሚፈሩት ከቁመቱ ይልቅ በውፍረቱ ነው፤ አናቱ ሲወድቅ ብዙ ቶን ውሃ አብሮ ይወድቃል።

ተራራውም ድርሻ አለው። ኮራል በጨዋማ ባሕር የሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት ትውልድ በትውልድ ላይ እየደረቡ የሚገነቡት ድንጋይ ነው፤ ጨው አልባ ውሃ ይገድለዋል። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ወደ ባሕር በሚፈስበት አቅጣጫ ኮራሉ ማደግ ስላልቻለ በግንቡ ላይ ጥልቅ መተላለፊያ ተከፍቷል። ሞገዱ ከግንቡ ጫፍ ጀምሮ እየፈረሰ ወደዚህ መተላለፊያ ሲደርስ ጥልቅ ውሃ ያገኝና ይሞታል። ሰርፈሩ ከቱቦው የሚወጣው ወደዚህ ነው። ጀልባዎችና ፎቶ አንሺዎችም ከፈራሹ ሞገድ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ርቀው በሰላም የሚቆሙት እዚሁ ነው።

ሌላም ልዩ ነገር አለ። በብዙ የዓለም ባሕሮች የውሃው ሙላት ሰዓት በየቀኑ ይለዋወጣል። በታሂቲ ግን የጨረቃ ስበት በሙላቱ ላይ ያለው ኃይል እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ሙላቱን የምትመራው ፀሐይ ናት። ውሃው ከፍ የሚለው ሁልጊዜ እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ ልዩነቱም ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ሰርፈሩ ውሃ ጨምሮ ኮራሉን ይሸፍንልኛል ብሎ የሚጠብቀው ሰዓት የለም።

መጋለቡ

ሰርፈሮች ሞገዱን የሚጠብቁት ከግንቡ ጫፍ ትንሽ ወጣ ብለው፣ በሰሌዳቸው ላይ ተቀምጠው ነው። ባሕር ላይ ምልክት ስለሌለ ቦታቸውን የሚለኩት በተራራውና በዳርቻው ነው፤ አንዱን ዛፍ ከአንዱ ሸንተረር ጋር አስተካክለው ሲያዩ የት እንዳሉ ያውቃሉ። ሞገዱ ሲመጣ ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ቀዝፎ መነሳት ያስፈልጋል። ያመነታ ሰው ከአናቱ ጋር አብሮ ይወረወራል። ከቆመ በኋላ ወዲያው ቁልቁል ወርዶ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ሞገዱ የሚፈርሰው ወደዚያ ነውና። ከዚያ ቱቦው ይሸፍነዋል። ውስጥ ሳለ ከላይም ከጎንም ውሃ ነው፤ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ክብ ብርሃን ብቻ ነው። በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወይ ከሚረጨው ጉም ጋር ወደ መተላለፊያው ይወጣል፣ ወይ ቱቦው ይዘጋበታል።

የሞገዱ አቅጣጫም ወሳኝ ነው። ከደቡብ የመጣ ሞገድ ወደ መተላለፊያው ረዘም ብሎ ይሄዳል። ከምዕራብ ያዘነበለው ግን በግንቡ ላይ ቀጥታ ስለሚያርፍ ወፍራምና ጨካኝ ይሆናል፤ መውጫውንም ያጠባል። ልምድ ያለው ሰርፈር የአየር ትንበያውን ሲያይ ከቁመቱ በፊት ይህን ይመረምራል።

የወደቀ ሰው ጭንቅላቱን በክንዶቹ ሸፍኖ ሰውነቱን ጠፍጣፋ ለማድረግ ይሞክራል፤ በጭንቅላት መጥለቅ ፈጽሞ አይሞከርም። ሞገዱ በኮራሉ ላይ ጎትቶ ወደ ውስጠኛው ጸጥ ያለ ውሃ ይጥለዋል። ኮራል የላጠው ቆዳ በቶሎ ይመረቅዛል፤ የአካባቢው ሰዎች ወዲያው ሎሚ ቆርጠው ቁስሉን ያሹበታል። ያቃጥላል፣ ግን ከሰርፈሮቹ ማንም እምቢ አይልም። ሞገዱ ትልቅ በሆነ ቀን በአየር የሚነፋ ሰደርያና ሄልሜት ይለበሳል፤ አዳኞችም በጄት ስኪ መተላለፊያው ላይ ይጠብቃሉ። በ2000 ኤፕሪል አንድ ታሂቲያዊ ሰርፈር እዚሁ ኮራል ላይ በደረሰበት ጉዳት ሕይወቱ አልፏል።

ሰዎቹ

ሞገድ መጋለብ ለታሂቲ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1769 ከካፒቴን ኩክ ጋር የመጣው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ጆሴፍ ባንክስ፣ ታሂቲያውያን በአሮጌ ታንኳ የኋላ ክፍል ሞገድ ሲጋልቡ አይቶ ጽፏል። የቴአሁፖኦን ሞገድ ግን ዘመናዊዎቹ ሰርፈሮች የደረሱበት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ትልልቅ ውድድሮች የመጡትም በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው።

ኦገስት 17 ቀን 2000 አሜሪካዊው ሌርድ ሃሚልተን፣ በክንድ ቀዝፎ ሊያዝ የማይችል ግዙፍ ሞገድ ላይ በጄት ስኪ ተጎትቶ ገባ። ወፍራሙ ውሃ ወደ ላይ እንዳይስበው አንድ እጁን በሰሌዳው ተቃራኒ ጎን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሚዛኑን ጠበቀ፤ በሰላምም ወጣ። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ሰዎች ሊጋለብ ይችላል ብለው የሚያስቡት ልክ ከዚያ ቀን በኋላ ተለወጠ።

ሴት ሰርፈሮች ደግሞ ሌላም ትግል ነበረባቸው። በየአገሩ የሚዞረው የዓለም ሻምፒዮና ከ2006 በኋላ የሴቶቹን ውድድር ከቴአሁፖኦ አነሳው፤ የተመለሰው በ2022 ነው። በመካከሉ የሃዋይዋ ኪያላ ኬኔሊ ውድድር ባይኖርም በራሷ እየሄደች ጋለበች። በ2011 ፊቷ ከኮራሉ ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ተጎዳ፤ ተመልሳ በ2015 እዚያው የጋለበችው ሞገድ በቀጣዩ ዓመት የዓመቱ ምርጥ ቱቦ ተብሎ ተሸለመ። በዚያ ዘርፍ ከወንዶች ጋር ተወዳድራ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በ2024 ሜይ ደግሞ የዚያው የፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ልጅ ቫሂኔ ፊዬሮ የሴቶቹን ውድድር በቴአሁፖኦ አሸነፈች። ሴቶች እዚህ አይችሉም ለሚለው ጥርጣሬ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

በኦሊምፒኩ የሴቶቹን ወርቅ አሜሪካዊቷ ካሮላይን ማርክስ፣ የወንዶቹን ደግሞ በታሂቲ ተወልዶ በዚህ ሞገድ ያደገው የ22 ዓመቱ ካውሊ ቫስት ለፈረንሳይ ወሰዱ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን የጁላይ 29ኙን ፎቶ ነው። ብራዚላዊው ጋብሪኤል ሜዲና 9.90 ነጥብ ካገኘበት ቱቦ ወጥቶ ከሞገዱ ጀርባ አየር ላይ ሲዘል፣ ሰሌዳው ከጎኑ እንደሱ ቀጥ ብሎ፣ ጣቱ ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ የሚያሳየውን ፎቶ ፎቶ አንሺው ዤሮም ብሩዬ መተላለፊያው ላይ ከነበረ ጀልባ ሆኖ አነሳው። የፍጻሜው ዕለት ባሕሩ ንፉግ ሆነ። ቫስት ገና ከጅምሩ ጥሩ ሞገዶችን ያዘ፤ ተጋጣሚው አውስትራሊያዊው ጃክ ሮቢንሰን የሚረባ ሁለተኛ ሞገድ ሲጠብቅ ሰዓቱ አለቀበት። ሞገዱ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚጠፋ ለማወቅ አብሮት ያደገ ሰው ይሻላል።

ኮራሉና ማማው

ኦሊምፒኩ ለመንደሯ ደስታ ብቻ ይዞ አልመጣም። ዳኞች የሚቀመጡበት የቀድሞው የእንጨት ማማ ደረጃውን አያሟላም ተብሎ፣ በኮራሉ ላይ 14 ቶን የሚመዝን አዲስ የአሉሚኒየም ማማ ሊተከል ታቀደ። የመንደሯ ነዋሪዎችና ሰርፈሮች ተቃወሙ፤ የተቃውሞውን ፊርማ ከመላው ዓለም ከ200,000 በላይ ሰዎች ደገፉት። ዕቅዱ ተከልሶ ማማው ወደ 9 ቶን ቀለለ። በ2023 ዲሴምበር ግን ዕቃ የሚያመላልሰው ተንሳፋፊ መድረክ ሲሞከር ኮራል ሰበረ። ሥራው ለጊዜው ቆሞ በኋላ ማማው ተተከለ፤ ውድድሩም ተካሄደ።

ነዋሪዎቹ የተከራከሩት ለሚያኖራቸው ነገር ነው። ኮራሉ የዓሣቸው ቤት ነው፤ ዳርቻቸውን ከውቅያኖሱ ቁጣ የሚከልል ግንብም ነው። ሞገዱን የሚቀርጸውም እሱ ራሱ ነው። ግንቡ ሕያው ስለሆነ የተሰበረውን መልሶ ይገነባል፤ ግን እጅግ ቀስ ብሎ። በዚያ ላይ የባሕሩ ሙቀት መጨመር በዓለም ሁሉ ያሉ ኮራሎችን እያነጣ ይገድላል። በዚህ ክርክር መንደሯ ትክክል ነበረች ብዬ አምናለሁ፤ ለጥቂት ቀናት ውድድር ተብሎ በቀላሉ የማይተካ ነገር ላይ ብረት መትከል አይገባም።

ወደዚያ መሄድ የሚያስብ ልምድ ያለው ሰርፈር መጀመሪያ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ሞገዱን ይመልከት፣ የመንደሯን ሰዎች ሰላም ይበል፣ ምክራቸውን ይስማ፣ ተራውን ይጠብቅ። ብቻውን አይግባ። የሚወስደው ጀልባ መልህቁን ኮራል ላይ እንዳይጥል ይጠይቅ። ዝግጁ ያልሆነ ሰው ከጀልባው ሆኖ ቢያይ አያፍርም፤ ከዚያ የሚታየው ብቻውን ረጅሙን መንገድ የሚክስ ነው። ቴአሁፖኦ ላይ ትልቁ ችሎታ በየትኛው ቀን ከውሃው ውጭ መቅረት እንዳለበት ማወቅ ነው፤ ይህን ያልተማረ ሰው፣ ሌላውን ሁሉ ቢችልም፣ ለዚህ ሞገድ ገና ነው።