መውለድን ስለሚያዝ የአንጎል ሆርሞን

በከፋ አገር በጎች በክረምትም በበጋም ሲወልዱ ይታያሉ። በሰሜን አውሮፓ ግን ብዙዎቹ በጎች አውራ የሚፈልጉት ቀኑ እያጠረ በሚሄድበት ወራት ነው። የዚህ ልዩነት ምክንያት ሣርና ብርድ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን በበጊቱ ራስ ውስጥ ነው።

ከአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ስፍራ አለ። ከዚያም ጎናዶትሮፒን ሪሊዚንግ ሆርሞን የሚባል ቅመም ይወጣል። ሆርሞን ማለት ከአንዱ የሰውነት ክፍል ወጥቶ በደም አማካይነት ለሌላው ክፍል ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ይህም መልእክተኛ ጥቂት መንገድ ተጉዞ የአተር ፍሬ ወደምታህለው ወደ ፒቱታሪ እጢ ይደርሳል፤ ፒቱታሪም በተራዋ ሁለት ሌሎች ሆርሞኖችን ትልካለች፤ እነርሱም በሴት እንቁላል እንዲበስል፣ በወንድም ዘር እንዲፈጠር ያደርጋሉ። መምህሩ ለተማሪ ሲያስረዳ፣ በድሮው ሥርዓት ከንጉሥ ወደ አገረ ገዥ፣ ከአገረ ገዥም ወደ ጭቃ ሹም ይወርድ እንደ ነበረው ትእዛዝ ነው ብሎ ቢመስልለት ቶሎ ይገባዋል።

እጅግ የሚያስደንቀው የትእዛዙ አወጣጥ ነው። እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ የሚፈስ ሳይሆን፣ እንደ ነጋሪት ተመትቶ ጸጥ፣ ደግሞም ተመትቶ ጸጥ የሚል ነው። በሴት እንቁላሉ በሚበስልበት ሰሞን ከ60 እስከ 90 ደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል ይመታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በአሜሪካ በጦጣዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ሆርሞኑን ያለ ማቋረጥ ሲሰጧቸው ፒቱታሪ ሥራዋን ተወች፤ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ሲሰጧቸው ግን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የማያባራ ነጋሪት ጆሮ ያደነቁራልና።

ሆርሞኑን ለማግኘት አንድሪው ሻሊ ከአሳማ፣ ሮዤ ጊየማን ከበግ አንጎል እየፈለጉ ለብዙ ዓመት ተፎካከሩ። ሻሊና ባልደረቦቹ በ1971 አሠራሩን አስቀድመው ገለጹ፤ 10 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት ሆኖ ተገኘ። እጅግ ጥቂት ቅንጣት ለማውጣት ከመቶ ሺህ በላይ የአሳማ አንጎል አስፈልጎ ነበር። በ1977 ሁለቱም የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ወደ በጎቹ እንመለስ። ሌሊቱ ሲረዝም ሜላቶኒን የሚባለው ሌላ ሆርሞን በአንጎል ይበዛል፤ በአውሮፓ በጎችም ነጋሪቱን የሚያነቃው ይህ ነው። ቦንጋ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7ኛው ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ረጅሙና አጭሩ ቀን አንድ ሰዓት እንኳ አይበላለጡም፤ ስለዚህ የቦንጋ በግ ዓመቱን ሙሉ ልትፀንስ ትችላለች። እርስዋን የሚያግዳት ረኀብ ነው፤ አካል ሲከሳ አንጎል ነጋሪቱን ያዘገያልና። በሰውም እንዲሁ ነው፤ በችጋር ዘመን የሴቶች የወር አበባ የሚቀረው፣ ሕፃንዋን ሌሊትና ቀን የምታጠባ እናትም ብዙ ጊዜ ለጥቂት ወራት ሳትፀንስ የምትቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐኪሞች ይህን ጠባይ በሁለት መንገድ ይጠቀሙበታል። አንጎሉ ነጋሪቱን መምታት ለተሳነው ሰው፣ ሆርሞኑን በየጊዜው በጥቂቱ የሚሰጥ መሣሪያ ይታሰርለታል። በተቃራኒው፣ ሳያቋርጥ የሚሠራ መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥ ፒቱታሪ ትደነቁራለች፤ በዚህም የፕሮስቴት ነቀርሳ እድገቱ ይገታል፣ ገና 8 ዓመት ሳይሞላት ለአቅመ ሔዋን ምልክት የታየባት ልጅም እድገትዋ ወደ ጊዜው ይመለሳል። ላሞችም ድራታቸው በአንድ ሰሞን እንዲሆን ይሰጣቸዋል። ለበጎች ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፕሮስታግላንዲን ነው፤ ይህ ከአንጎል የሚወጣ ሳይሆን ያረገዘችን በግ የሚያስወርድ ነውና፣ መርፌ የያዘ ሰው ሁሉ ባለሙያ ነው ብሎ በጎቹን አሰልፎ መስጠት ጥፋት ነው።

አሁን ለሽማግሌዎች የሚሆን ነገር እንናገር። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ለዳኝነት ሲቀርቡ ጥፋቱ በሴቲቱ ላይ ይጫናል፤ በዚህም ስንት ትዳር ፈርሷል። ትእዛዙ ግን በወንድም በሴትም በአንድ መንገድ የሚወርድ ስለሆነ ጉድለቱ በሁለቱም በኩል ሊገኝ ይችላል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ፍቺ ከመወሰኑ በፊት ሁለቱም ይመርመሩ፤ የወንዱ ምርመራም ከሴቲቱ ይልቅ ቀላል ነውና፣ ዘሩ በአጉሊ መነጽር ስለሚታይ፣ ከእርሱ ይጀመር።