ድምፅ የሌለው ሲኒማና የከተማ ኑሮ

ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው ጉዳይ የጥንቱ ድምፅ አልባ ሲኒማ ነው። ይኸውም ተረትና ቀልድ የሚያሳየው ሳይሆን፥ ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ፥ ገበያተኛ ሲገበያይ፥ ልጆች በመንገድ ሲሯሯጡ እንዲያው እንዳለ የቀረጸው ዓይነት ነው።

ሉሚዬር የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ሥዕልን በፓሪስ ለሕዝብ በክፍያ ያሳዩት በታኅሣሥ ወር 1888 ዓ.ም.፥ ከዓድዋ ድል ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። እያንዳንዱ ፊልም 50 ሴኮንድ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፥ አንደኛው ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ ያሳይ ነበር። ጥቂት ቆይቶም በእንግሊዝ አገር፥ በብላክበርን ከተማ፥ ሚቸልና ኬንየን የተባሉ ነጋዴዎች ሠራተኞችን በፋብሪካው ደጅ እያነሡ በዚያው ከተማ ያሳዩ ጀመር። ሰዉም የራሱን መልክ ለማየት ገንዘብ ከፍሎ ይገባ ነበር። ከዚያም ተረስተው የቆዩት 800 ያህል ፊልሞች፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 በዚያው ከተማ በአንድ ሱቅ ምድር ቤት ተገኙ። ያን ጊዜ የዕለት ጨዋታ የነበረው ዛሬ የታሪክ ሰነድ ሆኗል።

እነዚህን ፊልሞች ስንመለከት ሰው ሁሉ የሚሮጥ ይመስለናል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መሣሪያው በእጅ እየተዘወረ በሴኮንድ 16 ያህል ሥዕል ያነሣ ነበር፤ በኋላ የመጣው ማሳያ ግን በሴኮንድ 24 ያሳልፋል። እንግዲህ የቸኮለው መሣሪያው ነው እንጂ ሰዉ አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ሲኒማ ቤት በአዲስ አበባ በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ይታወሳል። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. ዋና ከተማው ከደረሰ ወዲህ መሣሪያ ይዘው የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች በረከቱ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈጸመው የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓልም በፊልም ተነሥቷል። እንዲህ ያለውን ፊልም ስናይ ዓይናችን በመጀመሪያ በሹማምንቱ ላይ ያርፋል። ነገር ግን ከበስተ ኋላ የቆመውን ሕዝብ፥ አለባበሱን፥ በቅሎውን፥ መንገዱን የተመለከተ ሰው ከተማይቱ እንዴት ትኖር እንደ ነበረች ይማራል። አንሺው ያላሰበበት ነገር ለእኛ ዋናው ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

ከዋና ከተማው ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላሉት ከተሞችም ነገሩ ይሠራል። ሆለታ፥ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት አስበው የነበረችው አዲስ ዓለም፥ ጊንጪ፥ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ፥ ጉደርም ሁሉ በያዘው ዘመን እያደጉ ናቸው። የፈረስ ጋሪው ከባጃጁ ጋር ሲጋፋ፥ ጤፍ በገበያ ሲሰፈር፥ የአምቦ ውሃ ሣጥን ከመኪና ሲወርድ ማየት ተራ ነገር ይመስለናል። ቀድሞ የሚጠፋው ግን ተራ የሚመስለው ነው።

ዛሬ ማንሻው መሣሪያ በየሰዉ ኪስ ይገኛል። ይሁን እንጂ የምናነሣው ሠርግና ምረቃ፥ በየመሥሪያ ቤቱም ሪባን ሲቆረጥ ነው። መዝገብ የመያዝ ልማድ ያላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፤ በዓመት አንድ ቀን፥ በዓል ባልሆነ ቀን፥ ከአንድ ስፍራ ቆማችሁ የከተማችሁን ጎዳና ለጥቂት ደቂቃ አንሡ። በዓመቱም ከዚያው ስፍራ ድገሙት። ፊት ለፊታቸው የምታነሡአቸውን ሰዎች ፈቃድ መጠየቅን አትርሱ። ቦታውን፥ ቀኑንና የአንሺውን ስም ጽፋችሁ ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ አስቀምጡ። የጥንቱ ፊልም ድምፅ ባይኖረው ይናገራል፤ የትና መቼ እንደ ተነሣ ያልተጻፈበት ግን ድምፅ ቢኖረውም ለተመራማሪ ዲዳ ነው።