የበራዱ ነጭ ቅርፊት

በከተማችን በወሎዋ ሐይቅ ሻይ የሚፈላበት በራድ ብዙ ሳይቆይ ውስጡ ነጣ ያለ፣ በጥፍር ሲነኩት የሚሻክር ቅርፊት ይለብሳል። ይህን ቅርፊት የሚወድ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዱ «ቆሻሻ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጨው ነው» ይላል፤ የባሰበት ደግሞ «ኩላሊት ውስጥ ጠጠር የሚሆነው ይኸው ነው» ብሎ የታሸገ ውሃ በካርቶን ያስጭናል። ጠበቃ ካጣ እኔ ልቁምለት።

ቅርፊቱ ባብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ እብነ በረድም የእንቁላል ቅርፊትም የተሠሩት ከዚሁ ነው። ካልሲየምና ማግኒዝየም የበዛበት ውሃ ጠንካራ ውሃ ይባላል። በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሊትር ከ180 ሚሊ ግራም ሲያልፍ «በጣም ጠንካራ» ይሉታል፤ የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ እስከ 300 ይፈቅዳል። ድሬዳዋና መቀሌ የኖራ ድንጋይ ላይ ስለተቀመጡ በዚህ ከኛ ይልቅ ስማቸው ይነሳል።

የኛው የሚመጣው ከባዛልት ነው። የወሎ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ክምር ነው። አምባሰል ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ የዕፅዋት ሥርና ተሕዋስያን የሚተነፍሱትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ለስለስ ያለ አሲድ ይሆናል። ከዚያ ድንጋዩን ቀስ እያለ እየበላ ካልሲየሙንና ማግኒዝየሙን ይዞ ይወርዳል። መሬት ውስጥ በቆየ ቁጥር የሚሸከመው ይበዛል። ስለዚህ ከገደል ሥር ቶሎ ብቅ የሚል ምንጭና ሜዳ ላይ ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የሚሳብ ውሃ፣ ጎረቤት ቀበሌ ቢሆኑም እንኳ፣ ሳሙና ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ አይኖራቸውም። ከተማችን ስሟን የተጋራችው የሐይቅ ሐይቅም ራሱ የዚሁ ታሪክ አካል ነው። 88 ሜትር ድረስ ይጠልቃል፤ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በላዩ የሚወጣበት ወንዝ የለም። ውሃው ሲተን ማዕድኑ ይቀራል፤ ካልሲየሙ እየረጋ ወደ ታች ሲወርድ ማግኒዝየሙ ይበረክታል።

እሳት ላይ የሚሆነውን ልብ ብሎ ላየ ሰው ደስ የሚል ነገር አለው። ካልሲየሙን አሟሙቶ የያዘው ያ ከአፈር የመጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ውሃው ሲፈላ ጋዙ ያመልጣል፤ ካልሲየሙም የሚይዘው አጥቶ ድንጋይ ሆኖ በራዱ ላይ ይለጠፋል። ቅርፊቱ ላይ ሎሚ ጭመቁበት፤ ቺስስ ይላል፤ አረፋ ይነሳል። የሚወጣው ያው ጋዝ ነው። (ጀሶ ካለበት ምድር የሚመጣ ጥንካሬ ግን በማፍላት አይለቅም፤ መቀሌ አካባቢ ይህም አለ።)

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። አንዲት ሻይ የሚሸጡ እናት በራዱን እያሳዩኝ «ልጄ፣ የስምጥ ሸለቆን ሰው ጥርስ ያበላሸው ይኸው ነጩ አይደል?» አሉኝ። ይህን ከተማሩ ሰዎችም ሰምቻለሁ። አይደለም። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው፤ ፍሎራይድ አይታይም፣ ቢፈላም አይለቅም፤ ውሃው እየተነነ ሲያንስ እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል። ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው፦ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ብዙ ፍሎራይድ መሸከም አይችልም። ሁለቱ ሲገናኙ ተጣብቀው ማዕድን ሆነው ይረጋሉ። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የሚበዛባቸው ካልሲየማቸው ተራግፎ ሶዲየም ስለሚበዛባቸው ጭምር ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ሳሙና ያረፋል፤ በራድ ላይም ያን ያህል ቅርፊት አይተውም። ሰው የሚታየውን ነጭ ፈርቶ ለማይታየው ይታለላል። «እሺ፣ ምን ላድርገው ታዲያ?» አሉኝ። «ይተዉት እማማ፣ ውሃውን ግን ማፍላትዎን አይተዉ» አልኳቸው።

የኩላሊቱም ወሬ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ ከጤና አንጻር ያወጣው ገደብ የለም፤ ካልሲየምና ማግኒዝየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ናቸው። ለኩላሊት ጠጠር በደንብ ከሚታወቁት መነሻዎች አንዱ ውሃ አለመጠጣት ነው። የቧንቧውን ፈርቶ፣ የታሸገውን ለመቆጠብ በቀን አንድ ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው የሸሸውን ነገር ራሱ እየጠራው ነው።

ጉዳቱ በልብስና በኪስ ላይ ነው። ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፤ አንዱን በቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን ከአሸንዳ በተቀዳ ዝናብ ግማሽ ድረስ ሙሉ። እኩል የደረቅ ሳሙና ፍቅፋቂ ጨምራችሁ ናጡት። ዝናቡ እስከ አፉ ያረፋል፤ ጠንካራው ውሃ ግራጫ ዝቃጭ ያንሳፍፋል። ነጠላችሁን የሚያደበዝዘው ያ ዝቃጭ ነው። ሳሙና በጨመራችሁ ቁጥር ካልሲየሙን ነው የምትመግቡት። የክረምት የአሸንዳ ውሃ በበርሜል ተይዞ ለነጭ ልብስ ቢቀመጥ ብዙ ሳሙና ይተርፋል። እንዶድ ደግሞ እንደ ሳሙና ከካልሲየም ጋር አይረጋም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የእንዶድ ምርምራቸውን ጀመሩ፤ ልብሱ እንዴት እንደነጣ ግን ማንም አይጠይቅም።

በራዱን በቢላ የምትፍቁ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ብረቱን ቧጥጣችሁ ለሚቀጥለው ቅርፊት መያዣ ነው የምታበጁለት። በረኪናም ቅርፊት አይነካም፤ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፤ በተዘጋ ሻወር ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ውሃ ከአቼቶ ጋር አፍልቶ ማሳደርና ማለቅለቅ ይበቃል፤ የአሉሚኒየም በራድ ከሆነ ግን አሲዱ ስለሚበላው አታሳድሩት። ቦይለር ያላችሁ ሙቀቱን ወደ 60 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ቅርፊቱ ቶሎ ይወፍራል፤ የማሞቂያው ሽቦም በድንጋይ ተሸፍኖ ይቃጠላል። ቧንቧ ሠራተኛ ስትጠሩ መብራቱን ቀድማችሁ አጥፉና ታንኩን ከታች እንዲያራግፈው ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ሽቦውን ብቻ ቀይሮ ይሄዳል።